«ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ሲሉኝ እሺ ማለታቸው ነው ወይስ እምቢ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከስምንት ዓመት ልጃችን ጋር በሲያትል እኖራለሁ። የምሠራው በመላ አሜሪካ ቅርንጫፎች ባሉት አንድ ትልቅ የችርቻሮ መደብር ውስጥ ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ሰሞኑን ግን አንድ አነጋገር ሁለት ጊዜ አሳፈረኝ። መጀመሪያ የልጄን የክፍል ጓደኛ እናት ‹እሑድ ልጆቹን ሰዋርድ ፓርክ ወስደን እናጫውታቸው?› ብዬ ብጠይቃት ‹ሌትስ ፕሌይ ኢት ባይ ኢር› አለችኝ። በትሕትና እምቢ ያለችኝ መስሎኝ ቅር እያለኝ ተውኩት። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ግን ‹ዝናቡ አቁሟል፤ እንገናኝ?› የሚል መልእክት ጠዋት ልካልኝ ኖሯል። እስካሁን አልመለስኩላትም። በሌላ ሳምንት ደግሞ የቅርብ አለቃዬን ቅዳሜ እገባ እንደሆነ ብጠይቀው ያንኑ ቃል ደገመልኝ። ‹ተዘጋጅተሽ ጠብቂ› ያለኝ መስሎኝ ልጄን ለምትጠብቅልኝ ሴት ከፍዬ፣ የሥራ ልብሴን ለብሼ እስከ እኩለ ቀን ብቀመጥ የደወለልኝ የለም። ይህን ለባለቤቴ ሳጫውተው ‹ባይ ዪር› ስል ልጄ ሰምቶ ‹ዓመት አይደለም እኮ!› ብሎ ሳቀብኝ። ትርጉሙ በትክክል ምንድን ነው? እኔስ ብጠቀምበት ነውር አለው? ለአለቃዬ ምን ልበለው? ከዚያች እናት ጋርስ ነገሩን እንዴት ላስተካክል? — ግራ የገባኝ፣ ከሲያትል»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ አነጋገሩ እሺታም እምቢታም አይደለም። ተናጋሪው የሚለው «አሁን ቁርጥ ያለ ነገር አንናገር፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ያለውን ሁኔታ አይተን እንወስናለን» ነው። የቀረበው ሐሳብ አልወደቀም፤ ቃል የገባም ሰው የለም። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚባለው ለመወሰን የሚያስፈልግ አንድ ነገር ገና ሳይታወቅ ሲቀር ነው፤ ዝናቡ ያባራ እንደሆነ፣ የታመመው ልጅ ይሻለው እንደሆነ፣ ሥራው በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የመሳሰለው ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ካፊያው መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅባት ሲያትል ስለ መናፈሻ ሲወራ ይህ ቃል ቢደጋገም አያስገርምም። እርስዎ ከጓደኛው እናት አፍ ሲሰሙት እምቢታ፣ ከአለቃዎ አፍ ሲሰሙት ደግሞ ትእዛዝ አድርገው ወሰዱት፤ በሁለቱም ጊዜ ገና ያልተወሰነውን ጉዳይ እንዳበቃለት ቆጥረውታል።

«ኢር» ጆሮ ነው፤ አነጋገሩም የመጣው ከሙዚቃ ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ ሳያነብ፣ የሰማውን ዜማ በጆሮው ብቻ እየተከተለ መሣሪያ የሚጫወት ሰው «ባይ ኢር» ይጫወታል ይባላል። የሙዚቃው ትርጉም ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ሲሆን፣ ለቀጠሮና ለዕቅድ መዋል የጀመረው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ነው። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ «ሂ ፕሌይስ ዘ ፒያኖ ባይ ኢር» ሲባል ቢሰሙ ሰውየው ያለ ኖታ ፒያኖ ይጫወታል ማለት ነው እንጂ ቀጠሮ አይወድም ማለት አይደለም።

የእኛ አዝማሪ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ማሲንቆውን ይዞ ሲቀርብ ከታዳሚው ማን ምን ስንኝ እንደሚሰጠው አያውቅም፤ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሲወረውርለት ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ይሁን እንጂ የፈለገውን አይጫወትም። የጭራ ክሩን አስቀድሞ ቃኝቷል፤ ትዝታ ከሆነ ከትዝታ፣ አምባሰል ከሆነ ከአምባሰል አይወጣም፤ ጆሮውም ከታዳሚው ላይ አይነሣም። ብዙ ወገኖቻችን «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» የሚለውን «ዝም ብለን እንተወው፣ ከሆነ ይሆናል» ብለው ሲረዱት የሚዘነጉት ይህንን ማዳመጥ ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ሁኔታውን መከታተል፣ ሰዓቱ ሲቃረብም አንዳቸው ለሌላው መደወል ወይም መልእክት መላክ ይጠበቅባቸዋል። ያቺ እናት እሑድ ጠዋት ያደረገችው ልክ ይህንኑ ነው።

ስለ ልጅዎ ሳቅ ጥቂት ልበል። ለመተጣጠፍ የሚነገረው ይህ ቃል ራሱ በቅርጹ እጅግ ግትር ነው። «ኢት» የሚለው አይቀርም፤ «ኢር» ብዙ ቁጥር አይሆንም፤ በመካከሉም «ዘ» አይገባም። «ኢት»ን ትተው «ፕሌይ ባይ ኢር» ቢሉ ሰሚው ወደ ሙዚቃው ሊወስደው ይችላል። ያለፈ ነገር ሲሆን የሚለወጠው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው፤ «ዊ ፕሌይድ ኢት ባይ ኢር» ይባላል። «ዪር» የሚሰማው ደግሞ «ባይ» በ«ይ» ድምፅ ስለሚያልቅና ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በአናባቢ ስለሚጀምር ነው፤ በፈጣን ንግግር «ይ»ው ወደሚቀጥለው ቃል ይሻገርና ዓመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይመስላል። ልጅዎ ያረመው በትክክል ነው፤ ነገር ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ሌላ ቋንቋ የማያውቁ አሜሪካውያን ሳይቀሩ ቃሉን «ባይ ዪር» ብለው ይሰሙታል፣ እንዲያ አድርገውም ይጽፉታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲስቅብዎት ይህን ይንገሩት።

ቅር ያሰኘዎት ግን የድምፁ ጉዳይ አይደለም፤ ምንጩ የራሳችን ቋንቋ ይመስለኛል። በአማርኛ «እስቲ እናያለን» ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት እምቢ ላለማለት የሚነገር ቃል ነው። ገንዘብ እንድናበድረው ለጠየቀን ጎረቤት «እናያለን» ካልነው ገብቶት ዳግመኛ አያነሣውም፤ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ «እናየዋለን» የተባለበት ማመልከቻ ምን ዕጣ እንደሚገጥመው የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እርስዎም ያቺን እናት የሰሟት በዚህ ጆሮ ነው። ለእንግሊዝኛው ይበልጥ የሚቀርበው «እንደ ሁኔታው እንደዋወላለን» ነው፤ መደዋወሉ በውስጡ አለና። «እግዚአብሔር ካለ» ወይም «ኢንሻአላህ» ግን ለዚህ አይሆኑም፤ ከልቡ የሚናገራቸው ሰው አሳቡን ቆርጦ ፍጻሜውን ለፈጣሪ የተወ ነውና፣ «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» የሚለው ሰው ደግሞ ገና አልቆረጠም።

እርግጥ ነው፣ አሜሪካውያንም አልፎ አልፎ በዚህ ቃል ይሸሻሉ። ለመለየት የሚረዳዎት ከቃሉ በፊትና በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ምክንያት ከጠቀሰች፣ ለምሳሌ ልጇ ጉንፋን ይዞት እንደ ነበረ ካነሣች፣ ወይም «ቅዳሜ ማታ መልእክት እልክልሻለሁ» ብላ ጊዜ ካስቀመጠች ከልቧ ነው። ቀን ሳይጠቀስ «ሜይቢ» እና «ሰምታይም» ከበዙበት፣ ሰውየውም ከንግግሩ ጋር ዓይኑን ወደ በሩ ካሻገረ፣ እምቢታው ቀርቧል ማለት ነው። ቀጥታ መከልከል የሚፈልግ አሜሪካዊ ግን ከዚህ ይልቅ «ሌላ ዕቅድ አለን» ማለትን ያዘወትራል። ጥርጣሬ ሲገባዎት አንድ ጊዜ መጠየቅ በእነርሱ ዘንድ ችክ ማለት ተደርጎ አይታይም፤ ቀኑ ሲቃረብ «አር ዊ ስቲል ኦን ፎር ሰንዴይ?» ብለው፣ ማለትም «የእሑዱ ነገር እንዳለ ነው?» ብለው ይጻፉ። ሁለት ጊዜ ጠይቀው ሁለቱንም ጊዜ ምንም ካልመጣ ግን ይተዉት።

ከዚህ ቃል ጋር የሚምታቱ ሌሎችም አሉ፤ ባጭሩ ላንሣቸው። «ዊንግ ኢት» ያለ ዝግጅት ገብቶ እንደ ምንም መወጣት ነው፤ አለቃ ስለ ሥራዎ ሲጠይቅዎት ይህን ቃል ባይጠቀሙ ይሻላል። «ጎ ዊዝ ዘ ፍሎው» የመጣውን ሳይቃወሙ መቀበል ስለሆነ ውሳኔው ከእርስዎ እጅ ወጥቷል። «ሬን ቼክ» ከቤዝቦል የመጣ ሲሆን፣ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ በሌላ ቀን እንዲገባበት ይሰጠው ከነበረው ትኬት የተወሰደ ነው፤ «ዛሬ አልችልም፣ ሌላ ጊዜ ግን ጋብዘኝ» ማለት ስለሆነ ለዛሬው እምቢታ መሆኑን ልብ ይበሉ። «አይም ዳውን» እና «አይም አፕ ፎር ኢት» ደግሞ አንዱ ታች ሌላው ላይ ቢሉም ሁለቱም «እሺ፣ አለሁበት» ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሰምተው ሰውየው ከፍቶታል ብለው እንዳይጨነቁ። ለንደን ያሉ ዘመዶችዎ ምርጫ ሲሰጣቸው «አይም ኢዚ» ቢሉ «ለእኔ ሁሉም ያው ነው» ማለታቸው ነው፤ ነገር ግን «ኢዚ» ለሴት ሲነገር ክብር የሚነካ ሌላ ትርጉም ስላለው እርስዎ ባይሉት እመርጣለሁ።

ወደ አለቃዎ ጉዳይ ስንመጣ ነገሩ ከቋንቋ ያልፋል። ሁለት ጓደኛሞች ስለ መናፈሻ ሲነጋገሩ ቀጠሮው ሳይቆረጥ መቆየቱ ሁለቱንም እኩል ነጻ ያደርጋቸዋል። አለቃ ስለ ፈረቃ ሲናገረው ግን ነጻ የሚሆነው እርሱ ብቻ ነው፤ እርስዎ ልጅዎን የሚጠብቅልዎት ሰው መፈለግ፣ ገንዘብ መክፈልና ቀንዎን ባዶ ማድረግ አለብዎት። ስለዚህ ከሥራ አለቃ ይህን ቃል ሲሰሙ እዚያው በትሕትና አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «አም አይ ኦን ኮል?» ይበሉ። ይህም «በተጠባባቂነት ተመድቤያለሁ ማለት ነው?» ማለት ነው። «አዎ» ካለ ቀኑና ሰዓቱ በመልእክት እንዲደርስዎት ይጠይቁ፤ «አይደለም» ካለ ቅዳሜ የራስዎ ነው፣ የሥራ ልብስ ለብሶ መቀመጥ አያስፈልግም። የሚወስነው መቼ እንደሆነ ለማወቅም «ዌን ዊል ዩ ኖው ፎር ሹር?» ማለት ይበቃል፤ «በእርግጠኝነት የምታውቀው መቼ ነው?» እንደ ማለት ነው፤ ከበታች ሠራተኛ አፍ ቢወጣም ድፍረት አይሆንም።

ይህን ጥያቄ የምገፋበት ምክንያት አለኝ። በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሥራ ሰሌዳን የሚመለከት ሕግ ይሠራል። ሕጉ የሚጸናው በዓለም ዙሪያ 500 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሏቸው የችርቻሮና የምግብ አገልግሎት ድርጅቶች ላይ ሲሆን፣ አሠሪው ሰሌዳውን ቢያንስ ከ14 ቀናት በፊት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሰሌዳው ከወጣ በኋላ የተጨመረን ሰዓት ሠራተኛው «አልችልም» የማለት መብት አለው፤ አሠሪው በራሱ ፈቃድ ሰዓት ሲጨምርም ከሠሩበት ክፍያ ሌላ የአንድ ሰዓት ደመወዝ ይከፍላል። የእርስዎን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ተጠባባቂ ተደርጎ ሳይጠራ ለቀረ ሠራተኛ ሊሠራባቸው ይችል ለነበሩት ሰዓቶች ግማሽ ክፍያ እንዲሰጠው የሚያዝዘው ክፍል ነው። እንግዲህ አለቃዎ «ተጠባባቂ ነሽ» ብሎዎት ቢሆን ኖሮ ያ ቅዳሜ በከንቱ ባልቀረ ነበር፤ «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» የሚለው ግን መመደቡንም አለመመደቡንም ስለማይናገር በዚያ ቃል ብቻ ተመርኩዞ ክፍያ መጠየቅ ያስቸግራል። ሰውየው ይህን አስቦበት ነው የተናገረው አልልም፤ ብዙ አለቆች በልማድ ይሉታል። ቢሆንም ልማዱ የሚያስከፍለው እርስዎን ነው።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። ሕጉ የሚሠራው የሥራ ቦታዎ በከተማው ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ወገኖቻችን በጥቅሉ ሲያትል የምንላቸው እንደ ታክዊላ፣ ሬንተንና ሾርላይን ያሉት አካባቢዎች የየራሳቸው ከተማ ስለሆኑ በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። ሕጉ የማይመለከታቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ ለምሳሌ ከሥራ ባልደረባዎ ጋር በራሳችሁ ፈቃድ ፈረቃ ከተለዋወጣችሁ ወይም ለውጡን የጠየቁት እርስዎ ከሆኑ ተጨማሪ ክፍያ የለም። መደብርዎ በሕጉ ይሸፈን እንደሆነ ለማረጋገጥ የከተማውን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፣ «ኦፊስ ኦፍ ሌበር ስታንዳርድስ» የሚባለውን፣ በአስተርጓሚ ማነጋገር ይችላሉ፤ ስለ መብቱ የጠየቀን ሠራተኛ መበቀልም የተከለከለ ነው።

በዚሁ አንድ ሌላ ቃል አደራ ልበልዎት። ወገኖቻችን ታታሪነታቸውን ለማሳየት ሲሉ ለአሠሪ «አይ አም ፍሌክሲብል» ማለት ይወዳሉ። በንግግር ቆንጆ ቢሆንም በቅጽ ላይ ሲሰፍር «ኦፕን አቬይለቢሊቲ» ይሆናል፤ ይኸውም በሳምንቱ በማናቸውም ቀን፣ በማናቸውም ሰዓት መግባት እችላለሁ ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ነጻ መሆን የሚፈልጉ፣ ልጅዎንም ከትምህርት ቤት መቀበል ያለብዎት ከሆነ እነዚያን ሰዓቶች በስም ጠርተው ካስቀሩ በኋላ «ከእነዚህ ውጭ ይመቸኛል» ማለቱ ይሻላል።

እርስዎ ራስዎ ቃሉን ቢጠቀሙበት ነውር የለውም፤ ከስድብ የጸዳ፣ ወጣቱም አረጋዊውም የሚናገረው ቃል ነው። እኩያ ከእኩያው ጋር ስለ እራት፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ልጆች ጨዋታ ሲነጋገር ይስማማል። ከሐኪም ቀጠሮ፣ ከቤት ኪራይ ክፍያ፣ ከፍርድ ቤት፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ከመቀበል ጋር ግን አይሄድም፤ እነዚህ ሰዓት አላቸው። ለማያውቁት ሰው በሚጽፉት የሥራ ደብዳቤም ጨዋታ ቀመስ ስለሚሆን «እንደ ሁኔታው ይወሰናል» የሚለውን በተለመደው «ኢት ዲፔንድስ» ቢገልጹት ይበቃል። ሲናገሩት ደግሞ ብቻውን አይተዉት፤ «ሌትስ ፕሌይ ኢት ባይ ኢር፤ አይል ቴክስት ዩ ሳተርዴይ ናይት» ብለው የሚጽፉበትን ጊዜ ካከሉበት ሰሚው እንደ እርስዎ ግራ አይገባውም። ከአበሻ ጓደኞችዎ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ መካከል ላይ ጣል ባያደርጉት እመክራለሁ፤ የሚሰሙት በ«እናያለን» ጆሮ ነውና እርስዎ ላይ የደረሰው በእነርሱ ላይ ይደርሳል።

የቀረው ያቺ እናት ናት። እርሷ የምታውቀው ቃሏን ጠብቃ መልእክት እንደላከችና መልስ እንዳላገኘች ብቻ ስለሆነ፣ ምናልባት ያልፈለጉት እርስዎ እንደሆኑ አስባ ይሆናል። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፤ ቃሉን በስሕተት እንደተረዱት ማስረዳትም ግዴታዎ አይደለም። ዛሬ ማታ እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦ «ሶሪ አይ ሚስድ ዩር ቴክስት፤ ዊ ወር አት ቸርች። ካን ዊ ትራይ ኔክስት ሰንዴይ አፍተርኑን? ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ ዊ ካን ፕሌይ ኢት ባይ ኢር።» መልእክትሽን ሳላየው ቀረሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ እንሞክር? ከዘነበ እንደ ሁኔታው እንደዋወላለን ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ስልክዎ ዝግ እንደሚሆንም ካልነገሯት ያው ነገር ሊደገም ስለሚችል፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚያገኙዎት በዚያው መልእክት ላይ ይጨምሩበት። መልስ ከዘገየም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስትቀበሉ አግኝተው በቃል ይጠይቋት።